ሠላሳ ስድስተኛዋ ፎቶ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ስገባ የያዝኩት አንድ ሻንጣና ማንም ያላነበበው የግጥም ደብተር ነበር። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ ፎቶ የሚያጥብ ሱቅ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ጋሼን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሃርልስደን ብቻቸውን ይኖራሉ። ሌላው ደንበኛ ልደትና ሠርግ ያመጣል፤ የእሳቸው ፊልም ላይ ግን ሰው አይገኝም። ጭቃ፣ ውኃ፣ ወፍ፣ ደመና ብቻ።

“ይሄ የት ነው?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ቴምዝ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት። በባቡር አንድ ሰዓት ነው። ኦፍ ቀን ሲኖርህ ና። ያን ሸራ ጫማህን ግን ተወው፣ ጭቃው ይውጠዋል።”

አንድ ወፍራም ቡት ጫማ ገዝቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ተከተልኳቸው። የምንቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ ከተሰበረች የእንጨት ጀልባ አጠገብ። እኔ አንድ ቦታ መቆም አልችልበትም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ እግሬ ይነሳል። እሳቸው ግን እዚያው ተተክለው ወቅቱ ራሱ እንዲመጣላቸው ይጠብቃሉ። በጥቅምት ጥቋቁር ዝይዎች ከሰሜን በመንጋ ይመጣሉ። በጥር የጭቃው ጠርዝ በረዶ ይጋግራል፣ ሰማዩም ዝቅ ብሎ ጣሪያ ይሆናል። በመጋቢት ዝይዎቹ ይሄዳሉ። በሰኔ ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈተ ነጫጭ ወፎች ከላይ ተወርውረው ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ ዓሣ ይዘው ይወጣሉ።

ጋሼ ሁለት ደንብ ነበራቸው። ባሕሩ ዳር ስልክ ይጠፋል፣ ወፎቹን ያስበረግጋልና። ፎቶው ከታጠበ በኋላ ደግሞ ጀርባው ላይ ቀኑ፣ ሰማዩ፣ ነፋሱና የታየው ነገር ይጻፋል። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ “ዝይዎቹ ሰማዩን አነበቡት” ብዬ ጻፍኩ።

“አነበቡት? የት ተምረው?” አሉና መለሱልኝ። “አንተ ገጣሚ፣ ያየኸውን ብቻ ጻፍ። ግጥሙን ለደብተርህ።”

ፎቶዎቹ የሚላኩት ደሴ ላሉት ታላቅ እህታቸው ነው። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ጋሼን ያሳደጉት እህታቸው ናቸው፤ “እታለም” ይሏቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚፋቅ የስልክ ካርድ ይደውሉላቸዋል።

በሁለተኛው ጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ የለንደኑ እድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት ናቸው።

“ልጄ፣ የጋሼህ እህት አረፉ። ትናንት ነው፤ ዛሬ ተቀበሩ። መርዶውን እሑድ ማለዳ ሰው ሰብስበን እንነግረዋለን። ቅዳሜ ሥራ የለውም፣ ስልክ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንተ ወደዚያ ጭቃችሁ ውሰድልን።”

“ዛሬ ቢነገራቸውስ፣ እትዬ? ማታ ቢሳፈሩ ለሰልስቱ ይደርሳሉ።”

“አውቶቡስ እየነዳ? በስልክ? መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው።”

እሺ አልኩ። እትዬን አልወቅሳቸውም፤ እሳቸውም የተረዱት፣ ሌላውንም ያረዱት እንዲህ ነው። የሚቆጨኝ የራሴ እሺታ ነው። ምስጢር ስለተሰጠኝ ከትልልቆቹ ጋር የተቆጠርኩ መስሎኝ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጋሼ ካርዱን አውጥተው በቁልፍ መፋቅ ጀመሩ።

“ለእታለም ዝይዎቹ መጡ ልበላት።”

“ጋሼ፣ ብርሃኑ ያልፍብናል። ነገ ይደውሉላቸዋል።”

“አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለብርሃን የምትቸኩለው?” ሳቁና ካርዱን ኪሳቸው መለሱት። ስንደርስ በራሳቸው ደንብ ስልኩን አጠፉት።

እስከዛሬ ከጻፍኳቸው ስንኞች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። “ነገ ይደውሉላቸዋል” ያልኩትን ግን አልረሳሁትም።

ውኃው ሸሽቶ ዝይዎቹ ጭቃው ላይ ተበትነዋል። ጋሼ ሠላሳ አምስት ፎቶ አነሱ። አንድ ሲቀር ካሜራውን ሰጡኝ።

“እኔን አንሳኝ። ይሄን ሁሉ ወፍ ስልክላት ወንድሟ ምን እንደሚመስል ረሳች እኮ።”

ጀልባዋን ተደግፈው ቆሙ። በዚያው ቅጽበት መንጋው ተነሥቶ በላያችን ሲያልፍ አንዱ ዝይ ባርኔጣቸው ላይ ኩሱን ጣለባቸው። ጋሼ ባርኔጣውን አውልቀው አዩትና፣ “መረቁኝ!” ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ደሴ በዚያ ሰዓት ሰልስት ነበር። እኔ ካሜራውን ተጫንኩ።

እሑድ ማለዳ ጥቁር ከለበሱት ሰዎች ኋላ ሆኜ ጋሼ ቤት ደረስኩ። ጋሼ በሩን ከፍተው ነጠላ ያጣፉትን ሴቶች ሲያዩ ማንም ሳይናገር ገባቸው። ልቅሶው መሐል ዓይናቸው እግሬ ላይ አረፈ። ጫማዬን አልጠረግኩትም፤ የትናንቱ ጭቃ ደርቆበት ነበር።

ሰዉ ተረጋግቶ ከተቀመጠ በኋላ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

“ትናንት ታውቅ ነበር?”

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

“ሰልስቱስ?”

“ትናንት ነበር” አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። ሱቁም ተመልሰው አልመጡም። ፊልሙን አጥቤ ሠላሳ አምስቱን በእትዬ እጅ ላክሁላቸው። የሚስቁባትን ግን መላክ አቃተኝ፤ ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት። ዓመታት አለፉ። ሰዉ ሁሉ በስልኩ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር ሱቁ ተዘጋ፤ እኔም ሌላ ሥራ፣ ከዚያም ሌላ ሥራ ያዝኩ።

አንድ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጸጉራቸው ነጥቷል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣

“ሠላሳ አምስት ነው የሰጠኸኝ” አሉኝ።

“አለች፣ ጋሼ። ይዣታለሁ።”

ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ከማይጠፋው ደብተሬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ገለበጧት።

“ጀርባዋ ባዶ ነው።” ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። “ጻፍ። ያየኸውን ብቻ።”

አንድ ጨርቅ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ፦ “ቅዳሜ፣ ጥቅምት። ሰማዩ ጥርት ያለ። ውኃው ሸሽቷል። ዝይዎች። የእታለም ሰልስት። እኔ አውቅ ነበር፤ ጋሼ አያውቁም ነበር።”

ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

“ነፋሱን ረሳኸው” አሉ።

ተቀብዬ “ነፋስ ከምሥራቅ” ብዬ ጨመርኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ በትንፋሻቸው እፍ አሉበት፤ ፎቶዋን ደረት ኪሳቸው ከተው ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ሄዱ። ጥቅምት ገና አልወጣም ነበር፤ ዝይዎቹ መጥተው ይሆናል። ና አላሉኝም።