ካሣነሽ ያስቆመችው ፖሊስ

ፖሊሱ እንየው የካሣነሽን በሬ ከቀንበር ፈትቶ መጎተት ሲጀምር ካሣነሽ ፊቱ አልተደቀነችም። ከኋላው ቆማ ጮኸች።

«በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

ፖሊሱ ቆመ። ገመዱን እንደያዘ አንድ እግሩ ትልሙ ውስጥ ቀረ።

በዚያ አገር ይህን ቃል ሰምቶ የሄደ ንጉሥ እንደናቀ ይቆጠራል። የተጠራበትም የጠራውም ዳኛ ፊት ይደርሳሉ። እንየው የጋይንት ልጅ ነው፤ ያውቃል።

የሚያርስላት ወንድሟ ተሻገር ጅራፉን አነሣ።

«ጣለው!» አለችው። «ብትነካው አንተ ትታሰራለህ። ማን ያርስልኛል?»

ጣለው።

ሰኔ 1952 ነው፤ የገብስ ዘር ወቅት። የካሣነሽ ባል ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የባሏ ወንድሞች ርስቱን ሊወስዱባት ሁለት ጊዜ ከሰዋት፣ ሁለቱንም ራሷ ቆማ ተሟግታ ረታቻቸው። ፊደል አልቆጠረችም። ሁለት በሬ አላት፤ አንዱ ከተወሰደ ማሳው ጦም ያድራል። እንየው በሬው ከእስቴ የተሰረቀውን ይመስላል ብሎ ነው የመጣው። እሷ ግን መካነ ኢየሱስ ገበያ ሻጩን ለሽያጩ የሚመሰክር ዋቢ አስጠርታ ነው የገዛችው።

ነገሩን የሚያይ የመንደሩ ጭቃ ሹም እስኪመጣ እንየው እዚያው እንደቆመ ሰዓታት አለፉ። ጎረቤቷ ላቀች አጥር ላይ ተደግፋ ታያለች።

«እንየው፣ ሥር ሰደድህ እንዴ?»

«ዝም በይ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አየን! አሁንስ ምኑን ትሠራለህ?»

በሬው ጭቃ ሹሙ ዘንድ ታሰረ። ካሣነሽ በሦስተኛው ቀን ንፋስ መውጫ ችሎት ቀረበች። ክሱ ፖሊስን ከሥራው ማደናቀፍ ነው፤ በአዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያሳስራል።

ዳኛው እንየውን ጠየቁት።

«ነክታሃለች?»

«አልነካችኝም፣ ጌታዬ።»

«መንገድ ዘጋችብህ?»

«ከኋላዬ ነበረች።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«የጃንሆይን ስም ጠራችብኝ።»

«አልፈህ ብትሄድስ?»

እንየው ቆቡን በእጁ አዞረው። «ዛሬ ተከሳሹ እኔ እሆን ነበር።»

«ማዘዣ አሳየሃት?»

«አለቃዬ በቃል ነው ያዘዙኝ።»

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። «ፖሊስ ማደናቀፍ ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ወንድሜን ጅራፍ ያስጣልኩት ለዚሁ ነው። አልያዝኩት፣ አልሰደብኩት። እርስዎ ፊት እንዲያደርሰኝ ነው የጠራሁት። ይኸው አደረሰኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። የዋቢውን ስም ጠየቋት፤ ዋሴ የሚባል የእስቴ ሰው መሆኑን ተናገረች። ዋሴ ለዓርብ ቀጠሮ ደርሶ በሬው ከማን እንደተገዛ መሰከረ። ዳኛው ዳኛ መጥራት ማደናቀፍ አይደለም ብለው አሰናበቷት፤ በሬውም እንዲመለስላት አዘዙ።

በጓሮ መንገድ አልሄደችም። ነጠላዋን አጣፍታ በገበያው መሃል፣ በፖሊሶቹ ፊት አለፈች። እንየው ተነሥቶ አሳለፋት።

ሐምሌ ላይ የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ያለ ጽሑፍ ማዘዣ የእርሻ በሬ ከቀንበር እንዳይፈታ አዘዘ።