ቫማን የሠራው ፖሃ

አልኩሽ እኮ፣ ቫማን ዛሬም ቀና ብሎ አያየኝም! በር ላይ ከተገጣጠምን መርፌ የጠፋበት ይመስል መሬት መሬቱን ያያል። ልብስ ሰፊው ቫማን ነዋ፣ ግድግዳ የምንጋራው። ሚስቱ ኩሱም ከሞተችበት ወዲህ ልጁን ምሩናልን ብቻውን ነው ያሳደጋት። እጁ ደግሞ ባለሙያ ነው! ሽንኩርት ሲያቁላላ ሰፈሩ ሁሉ ምራቁን ይውጣል። እሱ ግን ወንድ ሆኖ ድስት ያማስላል እንዳይባል መስኮት ዘግቶ ነው የሚሠራው። ሽታውን በምን ሊዘጋው!

ለምሩናል ከሚራጅ ከተማ የትዳር ጠያቂ መጣላት። ኮከባቸው ታየ፣ ገጠመ ተባለ። የቀረው ቤት መጥተው ልጅቷን ማየት ነው። መቼም እኛ ጋ ልጅ የምትታየው ፖሃ ይዛ ወጥታ ነው፤ ያንን የተዳጠ ሩዝ፣ ሰናፍጭ በዘይት አንጣጥታ፣ በሽንኩርትና በእርድ አቁላልታ፣ ሎሚ ጨምቃበት። ምሩናል ደግሞ ኮምፒውተር እንጂ ድስት አታውቅም። ቤቱ ትልቅ ሴት የለበትምና በእናት ቦታ እንድቀመጥ እኔ ተጠራሁ።

«እትዬ አደራሽን፣ ማን ሠራው ካሉሽ እሷ ናት በያቸው» አለኝ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ አንተ ብቻ ሽርጡን አውልቅ።»

እንግዶቹ መጡ። ምሩናል ሳሪዋን ለብሳ፣ ሰሃኑን ይዛ ወጣች። የጠያቂው እናት አንድ ማንኪያ ጎረሰችና «ውይ! ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለች።

ቫማን ልጅቷን ቀደማት። «እሷ ናት! በገዛ እጇ!»

«አባዬ ነው የሠራው» አለች ምሩናል። «እኔማ ሻይም ያርርብኛል።»

ማንኪያው ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት የቫማን ፊት በርበሬ መሰለ። «ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ይቺ ልጅ ከድሮም ውሸታም ናት!»

ሊድራት ያስቀመጣትን ልጁን! ምሩናል ሰሃኑን አስቀምጣ ገባች።

ሰነበቱና «ኮከባቸው አልገጠመም» ብለው ላኩ። ያ አስቀድሞ የገጠመው ኮከብ! እኛ ጋ እምቢታ በኮከብ ነው የሚመጣው። ውሸታም አናገባም ማለታቸው ነው፣ ማን ያጣዋል። ምሩናልም እሱ የሠራውን መብላት ተወች። ምግቧን ከድኖ ያቆይላታል፤ ሲነጋ ወጥቶ ለመንገድ ላም ይደፋዋል።

«ይቅርታ በላት እንጂ፣ አንተ ሰው!» እለዋለሁ።

«በምን ዓይኔ ልያት፣ እትዬ?»

ከዚያ ከሳታራ ከተማ ሌሎች ጠያቂዎች መጡ። እኔም እንደገና በእናት ቦታ ተሰየምኩ። መጋረጃው ሲገለጥ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቫማን! ሽርጡን እንዳሸረጠ!

«ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ። «ልጄ ምግብ አትችልም። ውሸትም አትችልም። ውሸታሙ እኔ ነኝ።»

ቀና ሳይል ሰሃኑን ሲዘረጋ የፖሃው ግማሽ የጠያቂው አባት ጭን ላይ ተዘረገፈ። ሰውየው ከሱሪው ላይ ቆንጠር አድርጎ ቀመሰና ወደ ሚስቱ ዞረ፤ «አንቺ፣ ለሠርጉ ማን ያበስላል እያልሽ ስትጨነቂ አልነበር?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ከቫማን በቀር። ከመጋረጃው ጀርባ ምሩናልም ስትስቅ ሰማኋት። ያን ቀን ሰሃኗን ጠራርጋ በላች። ኮከባቸውም ገጠመ።

ታዲያ ለምን ያፍረኛል አትዪም? ከኔ አልሰማሽም እንግዲህ! ምስኪን ኩሱም በሕይወት ሳለች አንድ ነገር ነግራኛለች፤ መንገሯንም ያውቃል። ጎረምሳ ሆኖ እሷን ሊያይ የሄደ ቀን፣ ያወጣችለትን ፖሃ ቀምሶ አላስችል አለው። «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። እናቷ ዘግየት ብላ ማድቤት ብትገባ፣ ሙሽራው እጅጌውን ሰብስቦ ድስታቸው ላይ አጎንብሷል፤ ሎሚ ይጨምቃል። ሲያያት ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«እማማ፣ ሰናፍጩ ሳይንጣጣ ነው እኮ ሽንኩርቱን የጨመራችሁት።»