የዴልበርት ስድስት አካፋዎች

ላቮን ሽሮደር እኩያዬ ናት፤ ሁለታችንም ሰባን ተሻግረናል። በከተማችን ዋና መንገድ ላይ ሳይዘጋ የቀረው የእሷ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ብቻ ነበር። ባንኩ ሄደ፣ ጫማ ቤቱ ሄደ፣ የእኔም ፀጉር ቤት ሄደ። ወጣቱ አውራ ጎዳናው ዳር ወደተከፈተው ግዙፍ መደብር እየነዳ ይሄዳል። ላቮን ግን ዳሌዋን እያመማት በየማለዳው መብራቷን ታበራለች። ልጇ ከኦማሃ ደውላ «ነይና ታከሚ» ብትላት፣ «እኔ ከዘጋሁ እነዚህ ሽማግሌዎች ብሎን ከየት ሊያገኙ ነው?» ትላታለች።

እኛም ዕቃ እንገዛላታለን። የእኛ አገር ሰው ጎረቤቱን «አሳዘንሽኝ» ከሚል ሞቱን ይመርጣል፤ ስለዚህ ምስማር ይገዛል።

ባለፈው መኸር ለቤተ ክርስቲያን እራት ጠረጴዛ ልንዋስ ከላቮን ጋር ዴልበርት ጎተራ ገባን። ዴልበርት ጡረታ የወጣ ገበሬ ነው። ጥግ ላይ ስድስት የበረዶ አካፋ፣ ክዳኑ ያልተነካ ቀለምና የአይጥ ወጥመድ ተደርድሯል። ሁሉም ላይ ላቮን በእጇ የጻፈችው ዋጋ እንደተለጠፈ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ስድስት አካፋ ምን ያደርግልሃል? እጅህ እንደሆን ሁለት!» አለችው ላቮን።

«ዘንድሮ በረዶ ይበዛል ሲሉ ሰምቼ...»

«ዴልበርት!»

ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እንዳትዘጊ ብለን ነው። ሱቋን ካጣች ላቮን አትተርፍም ተባብለን። እሱስ ብትይ» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ቤቱ አምፖል ብቻ ነው።» ከሃዲ!

ላቮን የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠች። «መዝጋት ከፈለግሁ እኮ ዓመታት አለፉ! ለእናንተ ብዬ ነው የቆምኩት፣ እናንተ ደንቆሮዎች!»

ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔንም ቅልል አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በይሉኝታ ተሳስረን ኖረናል።

ሱቁ የገና በዓል ሳይደርስ ተዘጋ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ አያሳዝንም ብል ውሸቴን ነው። ላቮን ግን ታክማ ተመለሰች፤ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፣ እስኪበቃት ትተኛለች። ምስማር የቸገረው ዴልበርት ጎተራ ይሄዳል፤ በነጻ ነው።

ባለፈው ሳምንት አምፖል ተቃጥሎባት እኔ ቤት መጣች። አንዱን አንስታ መነጽሯን አደረገችና የራሷን ጽሑፍ አነበበች።

«ጉድ! በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?»

«እኛ ነና!» አልኳት።