ድጋፉ ሲነሳ ከሥር የሚቆመው

ባለቤቴን በስሙ የሚጠራው ሰው በከተማችን የለም። "አዳማጩ የት ነው?" ነው የሚሉት። አሮጌ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ከጀልባ እንደወረደ መጀመሪያ ደላላው እጅ ይወድቃል፤ ደላላውም እየለፈለፈ በጠባቦቹ መንገዶች ያሳብርና እኛ በር ላይ ያቆመዋል። ባለቤቴ የሚሸጠው ቤት ገብቶ ግድግዳውን በግንበኛ ማንኪያው እጀታ ቆርቆር ያደርጋል። ጆሮውን ያስጠጋል። ዝም ይላል። ፈንጠር ብሎ ደግሞ ይቆረቁራል። ከዚያ "ይህ ይኖራል" ወይም "ይህ አይኖርም" ብሎ ይፈርዳል። ይግባኝ የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ኖረ፤ እኔም ኖራ እያቦካሁለት አብሬው ኖርኩ።

እኔ አምስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። እናቴ ኖራ ተሸካሚ ነበረች፤ ወገቧ ሲከዳት ባልዲውን እኔ ተቀበልኳት፣ ደብተሩም በዚያው ቀረ። አልቆጭም። መቆጨትም ጉልበት ይጠይቃል።

ደሴት ላይ ቤት የሚያረጀው ከውስጥ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ውፍረቱ ከክንድ ይበልጣል። የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይገባባቸዋል። ጨው ደግሞ ቸኩሎ አያውቅም። ከላይ ልስኑ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ከድንጋዩ ተላቆ ባዶ ሆኗል። ያንን ዓይን አያየውም። ጤነኛ ግንብ ሲመታ "ድም" ይልና ያበቃል። የተጎዳው ግን እንደ ባዶ እንስራ "ዱምምም" እያለ ይቆያል። ልዩነቱ ይህቺው ናት። ሰው በዚህች ልዩነት ሥር አልጋውን ዘርግቶ ይተኛል፣ ልጁን ያሳድጋል።

በሥራችን አንድ ደንብ አለ። ያረጀ ግንብ እስኪጠገን ድረስ በእንጨት ድጋፍ ይያዛል። ድጋፉ በሚነሳበት ቀን "ይህ ይኖራል" ያለው ሰው ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ከሥሩ ይቆማል፤ የመጨረሻው እንጨት እስኪወጣ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቴ ይህን ከአስተማሪው ነው የወረሰው። "በዚህ ደሴት ውሸታም ግንበኛ የለም፤ የነበሩት አልቀዋል" እያለ ገዢዎችን ያስቃል። እኔ ግን በዚያ ቀልድ አንድም ቀን ስቄ አላውቅም። ድጋፍ በሚነሳበት ቀን ጠዋት ቁርስ አይወርድልኝም።

ጆሮው እንደከዳው ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከኋላው ስጠራው ዝም ይለኛል። የኮራብኝ መስሎኝ እኔም ሦስት ቀን ኮራሁበት። በአራተኛው ቀን ሥራ ላይ ሳለን ከመወጣጫው ላይ ባልዲ ወደቀ፤ ንጣፉ ድንጋይ ስለነበረ ቤቱ አስተጋባ፣ ያለነው ሁሉ ዘለልን። እሱ ጀርባውን እንደሰጠ ልስኑን ያለሰልሳል። እጁ እንኳን አልተደናቀፈም። ሌላ ሰው ልብ ያለው አልነበረም፤ የእኔ ልብ ግን እግሬ ሥር ወደቀ።

ቤት ስንገባ ፊቱ ቆሜ ጠየቅሁት።

"የግራው ብቻ ነው" አለኝ። "የቀኙ አለ።"

"አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" አልኩት።

"እኔ መቼ በአፈር ተጫወትኩ? በኖራ ነው" አለና ሳቀ።

የቀኙም ቀስ በቀስ ሄደ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ለማን ልናገር? አዳማጩ አይሰማም ብሎ መናገር ጉሮሯችንን በገዛ እጃችን መዝጋት ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ቤት አየ፣ አሥራ አራት ቤት ፈረደ፣ ይኖራል ባለው ግንብ ሁሉ ሥር ቆመ፤ አንዱም አልወደቀም። እንዴት እንደሚያውቅ ግራ ገብቶኝ ነበር። ልምድ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ፤ ግድግዳ ሲቆረቁር ጆሮውን ወደ ግንቡ፣ ዓይኑን ወደ እኔ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ለሚስት ማዘን ይመጣል መሰለኝ፣ ደስ አለኝ።

አሥራ አምስተኛው ቤት የነርሷ ነው። ነርሷ ዕድሜዋ አርባ ገደማ፣ ከእናቷ በቀር ማንም የሌላት ሴት ናት። ወደቡን የሚያየውን፣ ለዓመታት ሰው ያልገባበትን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልትገዛ አሰበች። እናቷን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እማማ ገና ደጁን ሲረግጡ የታችኛውን ክፍል ትልቅ መስኮት አዩና "አልጋዬ እዚህ ሥር ነው። ጀልባ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ እሞታለሁ" አሉ። ደላላው "እማማ፣ በዚህ አየር መቶ ዓመት ይጨምራሉ!" ቢላቸው፣ "አንተ ዕድሜም ትሸጣለህ እንዴ?" ብለው አፉን አስያዙት።

ባለቤቴ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግንብ ሦስቴ መታ።

ዱምምም።

ጠጉሬ ቆመ። ነርሷ አጠገቤ ስለነበረች ድንጋጤዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። ባለቤቴ ጆሮውን ከግንቡ አላነሳም። አንድ ጊዜ ደግሞ መታ። ዱምምም። እኔ አሁንም ጀልባ የምቆጥር መስዬ ወደ ውጭ አያለሁ።

"ይህ ይኖራል" አለ።

ነርሷ ደረጃው ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። "እትዬ፣ ጋሼ ሳናግራቸው ከንፈሬን ነው የሚያዩት። ጆሯቸው ደህና ነው?"

"ነፋሱ ነው" አልኳት። "የባሕር ነፋስ ሁላችንንም ያደነቁረናል።"

"ከሥራዬ የተነሳ ነው የጠየቅኩዎት። ይቅርታ።"

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

ሥራው ስድስት ሳምንት ፈጀ። የፎቁን ወለል ስንቀይር የመስኮቱ ግንብ በአምስት እንጨቶች ተደገፈ። እኔ ባልዲ ይዤ በዚያ ግንብ ሥር ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ወደ ትከሻዬ ይገባል። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ፣ "ከመስኮቱ በላይ ያለው ባዶ ነው" አልኩት።

"ኖራ ያቦካ ሁሉ አዳማጭ ከሆነማ ባልዲውም አዳማጭ ነው" አለኝ።

ስድብ ለምጃለሁ፤ ከፊቱ አልተነሳሁም። ቆየት ብሎ "አሁን ባዶ ነው ብል፣ ያኔ እንዴት አልሰማህም ይሉኛል። ከዚያስ?" አለ። "ደግሞ ከሥሩ የምቆመው እኔ ነኝ።"

"አንተስ ቆመህ ትገላገላለህ። የእማማ አልጋ የት ነው የሚዘረጋው?"

ማንኪያውን አንስቶ ፊቱን አዞረብኝ። ከማይሰማ ሰው ጋር የመኖር ክፋቱ ይህ ነው፤ አልሰማም ወይስ መስማት አልፈለገም፣ መለየት አይቻልም።

ለነርሷ ልነግራት ተነስቼ ነበር። እምትሠራበት ክሊኒክ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ፣ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ "ምን ሆነው ነው እትዬ?" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። "ወገቤን" አልኩ። ቅባት ይዤ ተመለስኩ።

ድጋፉ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው ጀልባ ገና መግባቱ። አናጢው መዶሻውን ይዞ መጣ፣ ደላላው ከኋላው ተከተለ። እማማ ካላየሁ ብለው ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ነርሷ ከወንበሩ ኋላ ቆማለች። ባለቤቴ ሰማያዊ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ኑዛዜ ካለዎት አሁን ነው" አለ አናጢው።

ባለቤቴ ከንፈሩን አይቶ፣ "ማንኪያዬን ላንተ። ለደላላው ግን ምላስ አላወርስም፤ የራሱም ተርፎታል" አለው። ሁሉም ሳቀ። ደላላው ራሱ ሳቀ።

የመጀመሪያው እንጨት ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውን አናጢው ሲመታው በካፖርቱ ትከሻ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ወረደ። እሱ አላየውም። ቀጥሎ ከግንቡ ውስጥ ጥርስ ለውዝ ሲሰብር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። አናጢው ቆም አለ፣ ሽቅብ አየ። "እንጨቱ ነው" አለ ለራሱ። ባለቤቴ ፈገግ እንዳለ ነው። ከሁላችንም ይልቅ ለሞት የቀረበው እሱ ነው፣ ከሁላችንም ደስተኛው እሱ ነው።

ባልዲዬን አስቀመጥኩ። ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ፣ ጀርባዬን ለግንቡ ሰጠሁ። ግንቡ ይቀዘቅዛል። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ የማስበው ገመድ ላይ ትቼው የመጣሁትን ልብስ ነበር። ማን ያነሳዋል እያልኩ።

"ምን ሆነሻል? ውጪ!" አለኝ።

አፌን እንዲያይ ዞርኩለት። "ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ለስኛለሁ። ላንተ ደህና የሆነ ግንብ ለእኔም ደህና ነው።"

"ሴትዮ፣ ውጪ አልኩሽ!"

"አልወጣም።" ወደ አናጢው ዞሬ "ምታው" አልኩት።

አናጢው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። እማማ ከወንበራቸው "ምን እየተባለ ነው?" ይላሉ። ባለቤቴ ፊቴን አየው። ቀስ ብሎ፣ ግድግዳ እንደሚያይ አድርጎ፣ ከግንባሬ እስከ አገጬ አየው። ከዚያ የእሱ ፊት ኖራ መሰለ።

"ድጋፉ ይመለስ" አለ።

አናጢው ሁለቱን የወጡትን እንጨቶች ሲመልስ ሁለታችንም ከሥሩ አልተነቃነቅንም። ሲጨርስ ባለቤቴ ወደ ግቢው ወጣና በእማማ ፊት ቆመ። "እማማ፣ ጆሮዬ ሄዷል። ግንቡን አልሰማሁትም። ዋሽቻችኋለሁ" አላቸው። እማማ ቀና ብለው አዩት። "እንኳን ከነነፍስህ ነገርከኝ" አሉት። ነርሷ እሱን ምንም አላለችውም። እኔን ግን አየት አድርጋ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ "እትዬ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ" አለችኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ልስኑን ስንፈነቅለው ከመስኮቱ በላይ ግንቡን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት እጃችን ላይ ፈረሰ። ነቀዝና ጨው ተባብረው ዱቄት አድርገውታል። አናጢው ዱቄቱን በመዳፉ ይዞ ባለቤቴን አየ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀለደበትም። አዲስ እንጨት አስገባን፣ በአዲስ ኖራ ገነባን። ድጋፉ ዳግም ሲነሳ ሁለታችን ከሥሩ ቆምን። እማማ አሁን ጀልባቸውን እያዩ ይተኛሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ እራት ላይ ቁጭ ብለን፣ ሳልጠይቀው፣ "በዚያ ቀን ጀርባሽን ሰጠሽኝ" አለኝ።

"በየትኛው ቀን?"

"መጀመሪያ ስቆረቁር። ፊትሽን ወደ ባሕሩ አዞርሽው። ምንም የማነበው አጣሁ።"

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያየኝ አዝኖልኝ አልነበረም። እሱ ይመታል፣ እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ፊቴን ያነባል። ቅንድቤ ካልተነሳ "ይህ ይኖራል"። ከተኮሳተርኩ "ይህ አይኖርም"። በአሥራ አራት ቤት የፈረድኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይነግረኝ፣ ራሴም ሳላውቅ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግንቡ አይደለም፣ ፊቴ ነው። በየቤቱ ምን ፊት እንደነበረኝ ለማስታወስ እሞክራለሁ። ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ጤነኛ ግንብ አስፈርሼ ይሆናል፤ እሱ ግድ የለም፣ የፈረሰ ግንብ ሰው አይገድልም። የሚያስፈራኝ የሳቅኩበት ቀን ነው። ገበያው ጀርባ ያለውን ቤት ባየንበት ቀን ደላላው አንድ ቀልድ ቀለደ፤ ባለቤቴ ሲቆረቁር እኔ እንባዬ እስኪወርድ እየሳቅኩ ነበር። ግንቡ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ባለቤቴ ግን ሳቄን አይቶ ፈረደ። ድጋፉ ሲነሳ አልወደቀም፤ ግን ጨው አይቸኩልም ብያለሁ። በዚያ ቤት አሁን ልብስ ሰፊው ከአራት ልጆቹ ጋር ይኖራል።

ደላላው እኛ በር ላይ ሰው ማምጣት አቁሟል። ባገኘኝ ቁጥር ግን "እንዴት ዋልሽ፣ አዳማጯ" ይለኛል። ይበል። ባለቤቴ ቤት ይውላል፤ ማንኪያው እኔ ዘንድ ነው፣ በሽርጤ ኪስ። የእነዚያን አሥራ አራት ቤቶች በር አንኳኳለሁ፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ ግድግዳቸውን እመታለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ ውሃ ይሰጠኛል። አሥራ አንዱን አይቻለሁ፤ በሁለቱ ድጋፍ አስገብተናል። ሦስት ቀርቶኛል።

ከሁሉ የፈራሁትን ሳዘገይ ቆይቼ፣ ዛሬ ከሰዓት ገበያው ጀርባ ሄጄ ነበር። የልብስ ሰፊው ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ "ባለቤቴ ጨርቅ ሊያመጣ ተሻግሯል፣ ነገ በጠዋቱ ጀልባ ይመጣል። እሱ ሳይኖር አላስገባም" አለችኝ። ለመንኳት። "ቢያንስ ልጆቹን ሌላ ክፍል አስተኚያቸው" አልኳት። እንደ እብድ አየችኝና ዘጋችው። እኔም በውጭ በኩል ግድግዳውን ለመምታት ማንኪያውን አወጣሁ፤ ከውጭ ግን ድንጋዩ ወፍራም ነው፣ ምንም አይናገርም።

ነገ ጀልባው ሲገባ ወደቡ ላይ እጠብቀዋለሁ። ይህን የምጽፈው ነፋሱ ከባሕሩ እየተነሳ ሳለ ነው፤ መስኮታችን መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ አይሰማውም። ግን ፊቴን ያያል፣ ደጋግሞም "ምን አለ?" ይለኛል።