ለአሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር የተቀመጠ ቃል

የመነጽር ሠሪዋ ሱቅ ከእኔ ፋርማሲ ፊት ለፊት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌንስ ስትሞርድ፣ ከጉንዳን ራስ የማትበልጥ ብሎን ስታጠብቅ በመስታወቱ አሻግሬ አያታለሁ። እናቷ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው ከቤቷ የፊተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አልጋ ዘረጋችላቸው። ከዚያ ወዲያ ለስድስት ዓመት መንገዷ አንድ ሆነ፤ ከአልጋው ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ መድኃኒት ለመውሰድ ወደ እኔ፣ ከእኔ ተመልሳ ወደ አልጋው። ጀርባቸው እንዳይቆስል ከባሏ ጋር እየተፈራረቁ ያገላብጧቸው ነበር። ባሏ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀልድ የሚወድ፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው።

ታላቅ ወንድሟ ቀያሽ ነው። ጊዜውንም እንደ መሬት ሸንሽኖ የሚኖር ዓይነት። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ የእናቱን ግንባር ይስማል፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። በስድስት ዓመት አንድ ሌሊት አላደረም። እናትየው ግን እሱ የሚመጣ ቀን ከጠዋት ጀምረው ፀጉሬን አበጥሩኝ ይላሉ። እህቱን «ሚጢዬ» ይላታል፤ እሷም «ጋሼ» ትለው ነበር።

በየዓመቱ ግማሽ ማራቶን ይሮጣል። ካቻምና ከውድድሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ የእናትየው ትንፋሽ መቆራረጥ ጀመረ። ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና የሚጠራ ዘመድ ካለ ይጠራ አለ። ደወለችለት። አምስት ወር የተዘጋጀሁበት ነው፣ ነገ ሩጫው እንዳለቀ በቀጥታ እመጣለሁ አላት። እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። እናትየው በሩን እያዩ «ደረሰ ወይ?» አሉ። እየመጣ ነው አለቻቸው። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁ። ሦስተኛውን ሲጠይቁ ድምፃቸው አልወጣም፤ ከንፈራቸውን አይታ ነው ያወቀችው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አረፉ።

እሱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በቁምጣው፣ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣ። ጎረቤት ወንበር እየደረደረ ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ አለቀሰ። ከዚያም ሜዳሊያውን ከአንገቱ አውጥቶ አልጋው ራስጌ ላይ ሰቀለውና፣ ለአንቺ ነው የሮጥኩት አላቸው። የቤቱ ሰው በሙሉ እንባውን ረጨ። አንዷ ጎረቤት እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ አለች። መነጽር ሠሪዋ ያን ጊዜ የእናቷን አንሶላ በክንዷ ታቅፋ ግድግዳው ጥግ ቆማ ነበር። አንሶላውን ልብ ያለው ሰው የለም።

ሰው ቀለል ሲል ወንድምየው ጓዳ ድረስ ተከትሏት ገባና፣ በመጨረሻ ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ምንም አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ማለቱን ተወች፤ እሱ ግን ልብ አላለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰባት ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቋ ብቅ አለና የእናታቸውን ፎቶ ጠየቃት። ዘንድሮ በእማዬ ስም ነው የምሮጠው፣ ምስሏን ከናቴራዬ ላይ አሳትማለሁ አላት። ከቦርሳዋ አንዱን አውጥታ ሰጠችው። እሱ ማዕዘኑን እንደታጠፈ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መንገዱን ተሻግራ እኔ ዘንድ መጣች። እኔ አራት ጊዜ እንደሮጥኩ ታውቃለች።

«ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ስንት ወር ይፈጃል?» አለችኝ።

አርባ አራት ዓመቷ ነው። አውቶቡስ አምልጧት እንኳ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ለጤናሽ ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ለጤና አይደለም። ልደርስበት ነው።»

በመጀመሪያው ቀን ከቤቷ በር እስከ ፋርማሲዬ ማዕዘን፣ አራት መቶ ሜትር ብትሆን ነው፣ ሁለት ጊዜ ቆመች። ሳንባዬ በጆሮዬ ሊወጣ ነው አለች። በሁለተኛው ሳምንት ባሏ መንገዱን በአውቶቡሱ ቆጣሪ ለካላት። ማለዳ ተማሪ ከመጫኑ በፊት መብራቱን እያብለጨለጨ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ይከተላታል። ከዚህ በላይ ከቀዘቀዝሽ ማርሹ አይዝልኝም እያለ ያሾፍባታል። እሷ አትስቅም። ጥርሷን ነክሳ ትሮጣለች።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው መፍጠን ላይ ነውና አንድ ነገር መከርኳት። እየሮጥሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልሽ ከአቅምሽ በላይ ነው የምትሄጂው አልኳት። ምን ልናገር አላለችኝም። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃዬ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስታስር ነገረችኝ። የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት፤

«እማዬ ሦስት ጊዜ ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አንተ እየሮጥክ ነበር።»

ዕቅዷ ጥርት ያለ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። ወንድሟ ራሱ ከዓመታት በፊት፣ እዚያ ጋ ነፍሴ ትወጣለች ብሎ አጫውቷታል። ልትነግረው የፈለገችው እዚያ ነው። ቤት ብትነግረው ያለቅሳል፣ ያቅፋታል፣ ሰው ያየዋል፣ ደግሞ ይባረካል። ዳገቱ ላይ ግን ለማልቀስም መልስ ለመስጠትም ትንፋሽ አይኖረውም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብዬ ልገሥጻት ይገባኝ ነበር ይሆናል። ግን ስድስት ዓመት ቁስል ማድረቂያ ስትገዛ ያየሁ ሰው ነኝ። ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። የሃያ ሳምንት ፕሮግራም በወረቀት ጻፍኩላት፤ ዳገት የሚሮጥበትንም ቀን ጨመርኩበት።

በአራተኛው ሳምንት «ሦስት ጊዜ» የሚለው ላይ ትንፋሿ ያልቅባት ነበር። በስምንተኛው «ጠየቀች» ድረስ ዘለቀች። መንገድ የሚጠርጉ አንዲት ሴትዮ በየማለዳው ብቻዋን ስታወራ እየሰሟት፣ አንድ ቀን መጥረጊያቸውን አቁመው ምሕረት ይላክልሽ አሏት። አመስግና አለፈች። የግራ አውራ ጣቷ ጥፍር ጠቆረና ወደቀ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዓረፍተ ነገሩ ሜዳ ላይ አለቀላት፤ በአሥራ ሰባተኛው ዳገት ላይ። ያን ቀን ፋርማሲው በር ላይ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሙሉውን አልኩት አለችኝ። ዓይኗ ያበራ ነበር፤ ደስታ ግን አይመስልም።

የመጨረሻው ሳምንት ሌላ ሰው አደረጋት። መቼም የማይስት እጇ ሳተና ለቀኝ ዓይን የታዘዘ ሌንስ ለግራው ሞረደች። በቀን አራቴ መንገዱን እየተሻገረች፣ ስንት ሰዓት ልነሣ፣ ስንት ጉንጭ ውኃ ልጠጣ፣ ካልሲው አዲስ ይሁን ወይስ የለመድኩት ትለኛለች። የለመድሽው እላታለሁ። ከሰዓት መጥታ ያንኑ ትጠይቀኛለች። ርቀቱ አልነበረም ያስፈራት። ከሺህ ሰው መካከል ባጣውስ ትላለች። ከዚያ በላይ ደግሞ የምትፈራው ሌላ ነበር፤ ስናገር ካለቀስኩ እሱ አሸነፈ አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልብሷን የእናቷ አልጋ ላይ ደረደረች፤ አልጋው ገና አልተነሣም ነበር። ባሏ ላግዝሽ ብሎ የመሮጫ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ሲያያይዝላት የከናቴራውን ፊትና ጀርባ አንድ ላይ ሰፋው። ልትለብስ ስትል አንገቷ አልገባ አለ። እሱ ሳቀ። እሷ ግን ነቅላ፣ እንደ ፍሬም ብሎን አራቱን ማዕዘን እኩል አድርጋ ራሷ አያያዘችው። ያኔ ነው ባሏ ሳቁን ትቶ የጠየቃት።

«ከነገርሽው በኋላስ?»

«ከዚያማ አራት ኪሎ ሜትር ይቀረኛል» አለችው።

እሁድ ማለዳ አብሬያት ወጣሁ፤ እኔም ተመዝግቤ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሦስት ጊዜ ተሰለፈች። ሁለቴ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ ሽንቴ ጠፋብኝ ብላ። መነሻው ላይ ሰው ለሰው ተጠጋግተን ቆመን ሳለ ክንዴን ጨበጠች። የምታየውን አየሁት። ወንድሟ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሞን ቆሟል። የእናታቸውን ፎቶ ያሳተመው ደረቱ ላይ አልነበረም፤ ጀርባው ላይ ነው። ፀጉራቸው ተበጥሮ እኛን ያዩናል።

ፊቷ አመድ መሰለ። ይሄን ሁሉ መንገድ የእማዬን ፊት እያየሁ መሮጥ አልችልም አለች። ከፈለግሽ እንመለስ፣ ማንም አይጠይቅሽም አልኳት። ከልቤ ነበር። ጎንበስ ብላ ያልተፈታውን የጫማ ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው።

«ግዴለም» አለችኝ ቀና ብላ። «እሷም ትስማው።»

እስከ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር አብረን ሮጥን። ከዚያ እኔን፣ አራት ጊዜ የሮጥኩትን ሴት፣ ጥላኝ ሄደች። ዳገቱ ላይ የሆነውን የሰማሁት ከራሷ ነው።

ወንድሟ ዳገቱ ወገብ ላይ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ በእግሩ ይሄድ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ዞር ብሎ አያት። መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ ፊቱ በራና «ሚጢዬ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት። እጁን አልያዘችም። ዓረፍተ ነገሩን ነገረችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ አንድም ቃል አልጎደለም።

ቆመ። ሯጩ በግራና በቀኙ ያልፈዋል። ለመናገር ብዙ ታገለ፤ ቃሉ አንድ በአንድ ነበር የሚወጣው።

«ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ካነሳሁት ሞተች ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እየሮጥኩ እስካለሁ ድረስ የማትሞት መሰለኝ።»

በሃያ ሳምንት ልምምድ ውስጥ እሱ ይመልሳል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም።

«ሞተች» አለችውና ሮጠች።

በሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ጨረሰች። እኔ ተከትያት ስገባ ከመጨረሻው መስመር ማዶ አጥሩን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ውኃ ይዛለች፣ አትጠጣም። መንገዱን ነው የምታየው። ወንድሟ ከሷ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ በእግሩ እየሄደ ገባ። ከናቴራውን ገልብጦ ለብሶታል፤ ምስሉ ወደ ውስጥ ነበር። ሜዳሊያ ሲሰጡት ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ወደ እኛም አልመጣም።

ደስ አላት። ይሄን አልደብቅላትም፤ እሷም አልደበቀችም። ያን ሳምንት ጠግባ በላች፣ እንደ ሕፃን ተኛች፣ ደረጃ ለመውረድ የባሏን ትከሻ እየተደገፈችም ታንጎራጉር ነበር። ለምን ነገርሽው ከማለት ይልቅ እንዴት ነገርሽው እያልኩ አሥር ጊዜ አስደግሜያታለሁ፤ እኔም ከዚያ አልሻልም። ከዚያ እሁዶቹ እየመጡ አለፉ፤ ወንድምየው ግን ብቅ አላለም። በሁለተኛው ወር ቀለለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልቀለለኝም፣ ግን ብቻዬን መሸከሙ ቀረ አለችኝ።

በአራተኛው ወር ወንድምየው ሱቋ ገባ። ከሐኪም የተጻፈ ወረቀት ይዟል፤ ማንበቢያ መነጽር ታዞለታል። ከተማው ውስጥ ስንት መነጽር ቤት እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ከፊቷ አስቀመጠችው። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ማስመሪያውን አፍንጫው ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ማየት አለባት፤ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት። ዓይኑ እንባ ሞላው። አትነቃነቅ፣ ልኩ ይሳሳታል አለችው።

«እማዬን በመጨረሻ አሟት ነበር?» ብሎ ጠየቃት ሳይነቃነቅ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ከዚያ፣ «አላመማትም። ትንፋሿ ነው ቀስ እያለ የሄደው» አለችው። ለእሱ ብላ ያለችው የመጀመሪያ ደግ ቃል ነበር፤ እውነትም ነበር። ሐሙስ ና ብላ ሸኘችው።

መነጽሩን ሰኞ ማታ ጨርሳዋለች፤ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ አየዋለሁ። እሱ ረቡዕ መጣ። ሐሙስ ነው ያልኩህ አለችው። አልተከራከረም፤ ተመለሰ። ሐሙስ ፋርማሲዬን ስከፍት በሯ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እሷ መጥታ ከፈተች፣ ሽርጧን አሰረች፣ ከኋላው የመጡ ሁለት ደንበኞችን አስተናገደች፤ ከዚያ ነው ግባ ያለችው።