ሐይቁ ያልታየበት ቀን

«ልቤ ከሐይቁ ዳር ሲጠብቅሽ ውሎ…» ይልና ሁለተኛው ስንኝ ይጠፋዋል። ያንጎራጉርና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «መቶ ዓመት» ይሉታል፤ ሥራው የሐይቁን የአርባ ዓመት መዝገብ ለኮምፒውተር እየመገበ፣ ውሃው ከመቶ ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ማስላት ነውና። የመቶ ዓመቱን የሚያውቀው ሰው ግን የዛሬን ምሳ ሰዓት አያውቅም።

የዚያን ቀን ዘፈኑም አልጣመው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከተማው ምክር ቤት ከሐይቁ በትልቅ ፓምፕ ውሃ ይሳብ አይሳብ ብሎ ሊወስን ነው። ስሌቱ ካልደረሰ ሐይቁ ጠበቃ ሳይቆምለት ሊፈረድበት ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በተነሳ ቁጥር ያጉረመርማል፣ «ተጠናቋል» ይላል፣ የውጤቱ ማህደር ሲከፈት ባዶ! አንዲት ቁጥር ለመድኃኒት የለችም።

«አኩርፎህ ይሆናል፤ እስቲ አባብለው፤» አለችው አጠገቡ የምትቀመጠው ካርታ ሠሪ።

«ሦስት ቀን ለመንኩት እኮ!»

«እንግዲያው ጥቂት በጥቂት አጉርሰው። አርባ ዓመት ባንዴ ማን ይውጣል?»

ቀልዷ መላ ሆነ። ዓመቶቹን ለየብቻ ሰጠው። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩን ዘረገፈ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጭጭ። የዚያን ዓመት መዝገብ ገልጦ ቀን በቀን ወረደ፤ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር… ድንገት በቁጥሩ ቦታ በፊደል፦ «እንደ ትናንቱ»። የድሮውን ደብተር ወደ ኮምፒውተር የገለበጠችው ጸሐፊ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ አስፍራዋለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ከቁጥር ሌላ ቋንቋ አያውቅም፤ ቃል ሲያጋጥመው ሁሉን ጥሎ ውልቅ።

ቀኑን አየው። የገዛ ሰርጉ ቀን ነበር።

አርባ ዓመት በየማለዳው የሐይቁን መለኪያ ዘንግ እያነበቡ ያንን ደብተር የሞሉት የሚስቱ አባት ናቸው። ደወለላቸው።

«አባባ፣ በሰርጋችን ቀን ውሃው ስንት ነበር?»

«ልጄን እየዳርኩ ውሃ ላይ ላፍጥ?»

«"እንደ ትናንቱ" ብለው ጽፈዋል እኮ።»

«ታዲያ ሐይቅ የት ይሄዳል? በአርባ ዓመት አንዲት ቀን ቀረሁ፣ እሷኑ ቆፍረህ አወጣህብኝ! በል፣ የዋዜማውን ቁጥር ድገመውና ተገላገል።»

«ያልታየውን ታየ ማለት ይሆንብኛል፣ አባባ። ፕሮግራሙ ላልተለካ ቀን የሚሆን ምልክት አለው፤ እሱን አደርጋለሁ።»

«ጎሽ! ለኮምፒውተሩ እውነት ከተናገርክ አይቀር፣ ልጄንም "ለምሳ እመጣለሁ" እያልክ አትዋሻት።»

ምልክቱን አስገባ። ሩብ ሰዓት ጠበቀ፤ ማህደሩ ጢም ብሎ ሞላ። አትሞ ወረቀቱን ታቅፎ ወደ ምክር ቤቱ ሮጠ። የምክር ቤቱ ሰዎች በፓምፑ ምክንያት ቁልቁል የሚወርደውን መስመር አይተው፣ ተጨቃጭቀው፣ ትልቁ ቀርቶ ትንሽ ፓምፕ ይሁን አሉ።

ቤት ሲደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች።

«የመቶ ዓመቱ ጌታ! ምሳ ነው እራት የሚባለው ይሄ?» አለች ሚስቱ።

«በሰርጋችን ቀን ሐይቁን ያየ ሰው አልነበረም፤ እሱን ስፈልግ ዋልኩ።»

«እኔን ሲያዩ ነዋ!» ሳቀች። ድስቱን እያሞቀች፣ እሱ ዘወትር የሚጠፋውን ስንኝ እንደ ዋዛ ጣለችለት፦ «ስንዝር ጎደለ አሉ ውሃው አንቺን ብሎ።»

«እሱ ነው! እሱ ነበር እኮ!»

«ቁጭ በል፤ ይቀዘቅዛል።»

እጁን ታጠበ፣ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ በላ።