በር ያልነበረው አዳራሽ

ንጋት፣ ሶዶ

ዳሞታ ተራራ ደመናውን ገና አልገለጠም። መናኸሪያ ውስጥ ወያላው «አረካ! አረካ!» ይላል፤ ሚኒባሱ አልሞላ ብሎ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ኪሴን ደጋግሜ እዳብሳለሁ። ቁልፉ አለ።

ነገ ጊፋታ ነው። ወላይታ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት አይሻገርም። አጎቴ ባሳና ጎረቤቱ አቶ ዳልኬ ግን በእንሰት ድንበር ተኳርፈው ከርመዋል። ዛሬ ቦምቤ አጠገብ ባለው አሮጌ የመንደር አዳራሽ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ተቆልፏል። ሶዶ ያለው የተወላጆች ኮሚቴ «ቅርስ ነው» ብሎ አደሰው፣ የብረት በር ገጠመለት፣ ቁልፉን ይዞ ተመለሰ። ትናንት አጎቴ ደወለልኝ።

«ልጄ፣ ዳልኬ ሌላ ቦታ አልታረቅም ብሏል። አባቶቻችን የታረቁት እዚያ ነው።» ማታውኑ ከኮሚቴው ሊቀመንበር ቁልፉን ተቀበልኩ።

ረፋድ፣ አረካ

የበዓል ገበያው መንገዱን ዘግቶታል፤ በሬ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ የበርበሬ ክምር። ቁርጥ በሚያቃጥል ዳጣ አማረኝ፣ ቁጭ ብዬ የምበላበት አንጀት ግን የለኝም። የቦምቤው ሹፌር ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ።

«ለበዓል ነው እንዲህ የምትቸኩለው?»

«ለእርቅ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ጋቢና ግባ።»

መንገድ ላይ ጭቃ ያዘን። ወርደን ገፋን፣ ጫማዬ እዚያው ሊቀር ነበር።

ቀትር፣ ቦምቤ አጠገብ

አዳራሹ ክብ ነው፤ አዲስ የሣር ክዳን፣ ከዘመን ብዛት የጠቆሩ የጥድ ምሰሶዎች። ሽማግሌዎቹ ደጅ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ዳልኬ ጃንጥላውን ይዞ ለብቻው ቆሟል፣ ሊሄድ የተነሳ ይመስላል። ሮጬ ከፈትኩ። ማንም አልገባም።

የሁሉም ታላቅ የሆኑት አቶ ጋጋ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ቤት በር አልነበረውም። አላፊ አግዳሚ ገብቶ እንዲሰማ ብለው ነው አባቶቻችን ክፍት የተዉት። ቁልፍ ያለው ቤት ባለቤት አለው። አሁን የከፈተው የባሳ ወገን ነው፤ ዳልኬ የባሳ ቤት ገብቶ ይታረቃል?»

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ መንገድ የሮጥኩት ነገሩን ላባብስ ኖሯል። ቁልፉን ለአቶ ዳልኬ ዘረጋሁለት።

«ያኔ ደግሞ የእኔ ቤት ልትሆን ነው» አለ፣ እጁን ሳያወጣ።

አጎቴ ሄዶ የበሩን አንድ ጎን ያዘ። ከማጠፊያው ሊነቅለው ወደ ላይ ገፋ፣ ከበደው። ልረዳው ስነሳ አቶ ጋጋ ክንዴን ያዙኝ። አጎቴ እንደገና ገፋ። አቶ ዳልኬ ቆሞ አየው፣ አየው፤ ከዚያ ጃንጥላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሌላውን ጎን ያዘ። በሩ ተነቀለ። ሣሩ ላይ አጋደሙትና ጎን ለጎን ገቡ።

ማታ፣ ሶዶ

ገና ከመኪና ስወርድ የኮሚቴው ሊቀመንበር ደወለ።

«በሩን ቆልፈህ መጣህ አይደል?»

ኪሴን ዳሰስኩ።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አልኩት።